ዚክራ ስትፈተን ከመጋረጃው ኋላ የነበርኩት እኔ ነኝ

ወሬው ሰፈሩን ስለዞረና ሁሉም የራሱን ስለጨመረበት እኔው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። አንዳንዱ አልጋ ስር ተደብቃ ነበር ይላል። አልጋ ስር አልነበርኩም። በዚህ ወገብ አልጋ ስር ብገባስ ማን ያወጣኛል?

ዚክራ የጎረቤቶቼ የዐቂልና የሸፊቃ ልጅ ናት። ዐቂል እዚህ ደሴ ፒያሳ ጨርቅ ይነግዳል፤ አያቱ ከየመን ሲመጡ የያዙት የብረት ሜትር ዛሬም ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጅቷ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ትማራለች፣ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። እኔ ደግሞ የጋቢና የነጠላ ዘርፍ እቋጫለሁ። እንግዲህ አባት ይሸጠዋል፣ ልጅ ትማረዋለች፣ እኔ እቋጨዋለሁ።

ዘንድሮ አንድ አርብ ከኮምቦልቻ መጣችና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ "ፖርቱጋል ልማር ነው!" አለች።

ሸፊቃ ደረቷን ያዘች። "ወላሂ አትሄጂም!"

"የትም አልሄድም እማ። በኮምፒውተር ነው፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ።"

"እዚሁ ቁጭ ካልሽ ታዲያ ፖርቱጋልን ምን አስጠራሽ?"

ነገሩ የተማሪ ልውውጥ የሚሉት ነው። ተማሪው ካገሩ ሳይነቃነቅ የውጭውን ዩኒቨርሲቲ ኮርስ በኢንተርኔት ይወስዳል፤ ካለፈ እዚህ ይቆጠርለታል። የዚክራ ኮርስ ጨርቅ ተቀልሞ ሲያበቃ የሚቀረውን ባለቀለም ውሃ ስለማጣራት ነው። ገንዘብ አያስከፍልም። ግን የኮምቦልቻውን ኮርስ ትታ ነው ያን የያዘችው። ከወደቀች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም፣ ዓመት ትጠብቃለች። ይኼን አስቀድማ ነግራናለች፤ አልሰማሁም ልል አልችልም።

ዶርሙ ውስጥ ስድስት ሆነው መስመሩም ስለሚቆራረጥ ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ፣ ቤቷ ውስጥ ሆነ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሸፊቃ በልጇ ትከሻ ላይ አየት ብታደርግ የኮምፒውተሩ መስኮት ሁሉ ሰው ነው።

"ይኼ ሁሉ ወንድ?"

"ሴቶችም አሉ እኮ እማ።"

"ሴቶቹማ ምን አደረጉኝ። ልጄ ከማላውቀው ወንድ ጋር ብቻዋን አትቀመጥም።"

"ሰውየው ያለው ባሕር ማዶ ነው!"

"ዐይኑ ግን እዚህ ነው። ውዱ አብራሽ ትቀመጣለች" አለች ወደ እኔ እየጠቆመች።

በዚህ ዓይነት ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ሴትዮ ፖርቱጋል ገባሁ። ካሜራው የማያየኝ ጥግ ላይ ጋቢዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እየቋጨሁ አሥራ ሁለት ቅዳሜ ተማርኩ። አስተማሪው ፕሮፌሰር ዱዋርቴ ይባላሉ፤ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የሳሳ ደግ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ቀዩን ውሃ አጣርተው፣ ኩልል አድርገው በብርጭቆ ሲያሳዩ፣ "እስቲ ይጠጡታ!" አልኩ። ደግነቱ ዚክራ ድምጿን ዘግታ ነበር። ሳቋን ለመደበቅ ጠረጴዛ ስር ገባች።

የፈተናው ሳምንት ደንቡ መጣ። በር ይዘጋል። ካሜራው ክፍሉን ዞሮ ያያል። ድምፅ አይዘጋም። ክፍሉ ውስጥ ማንም ሰው አይኖርም።

"ማንም?" አለች ሸፊቃ።

"ማንም።"

"እነሱስ? የሚጠብቅሽ ወንድ ነው ሴት?"

"እኔ ምን አውቄ? ሁለት ሰዓት ነው እማ፣ አቦ!"

ዐቂል፣ "ተያት፣ ትፈተንበት" ሲል ሸፊቃ ዝም አለች። ሸፊቃ ዝም ስትል ነገር አስባለች ማለት ነው። ማታውን አጥር ላይ ጠራችኝ። ዚክራ የምትፈተነው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ከሳሎኑ ወደ መኝታ ቤቱ የሚያስገባው በር መጋረጃ ብቻ ነው ያለው። "መኝታ ቤት ማለት ሳሎን አይደለም" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አይደለም። "ለልጅቷ አንነግራትም፤ ከነገርናት ትሳቀቃለች።" ይኼም ልክ መሰለኝ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ተማክረን የደረስንበት ይኼ ነው።

ቅዳሜ ዚክራ ኮምፒውተሩን አዙራ ግድግዳውን፣ ጠረጴዛውን፣ መጋረጃውን ሳይቀር አሳየች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ልብ በሉ፣ ጫፍ ላይ። በስንጥቁ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የደፋ ጎረምሳ ፈታኝ ይታየኛል። ፈተናው ተጀመረ። ጣቶቿ ሲሮጡ እሰማለሁ። ሰዓት ሙሉ እንደ ድንጋይ ተቀመጥኩ፤ ሲያሳክከኝ እንኳ አላከክሁም።

ታዲያ ልጅቷ በየሳምንቱ ከኮምቦልቻ ሙቀት ወደ ደሴ ብርድ ስትመላለስ ጉንፋን አይለቃትም። አስነጠሳት።

"አልሐምዱሊላህ" አለች።

"ይማርሽ" አልኩ።

"ያኑርልኝ" አለች።

ከተወለደች ጀምሮ ሃያ አንድ ዓመት እንዲሁ ነን፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ ይማርሽ እላለሁ። አፌ እኔን አልጠየቀኝም። እሷም የመለሰችው ሳታስበው ነው። ከዚያ ጣቶቿ ቆሙ። ጎረምሳው በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረ፣ ደገመው። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ፤ ጋቢው ከነመርፌው ተንጠልጥሎብኛል። ጎረምሳው አየኝ። አንገቴን ሰበር አድርጌ ሰላም አልኩት። ጻፍ ጻፍ አደረገና ፈተናውን ዘጋው።

ብትጮህብኝ በወደድኩ። "እትዬ ውዱ" ብቻ ብላ ኮምፒውተሩን ከደነችው። እሁድ ጠዋት እኔን ሳትሰናበት ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ሰኞ ሚኒባስ ያዝኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ሾፌሩ ሲያዞረን የፊቱን ወንበር ይዤ የምላትን ቃል ስደጋግም ወረድኩ። የግቢው በር ላይ ጥበቃው፣ "የማን እናት ነዎት?" አለኝ። "የማንም አይደለሁም፣ የዚክራ የክፍል ጓደኛ ነኝ" ብለው እየሳቀ አስጠራልኝ። መጣች። ጁስ ቤት ገባን። ዐይኗ አብጧል።

"እስከ ሐሙስ ድረስ ማብራሪያ ጻፊ ብለውኛል" አለች። "የዶርም ጓደኛዬ የጎረቤት ሬዲዮ ነው በይ እያለችኝ ነው።"

"እኔ ሬዲዮ ነኝ?"

"እትዬ ውዱ፣ ቀልድ አይደለም። አልመረቅም እኮ።"

"አይቶኛል ልጄ። ሰላም ብዬዋለሁ። ሰላም የሚል ሬዲዮ የት አለ?" ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችውን ብዕር ወደ እሷ ገፋሁላት። "እኔ ልናገር፣ አንቺ በእነሱ ቋንቋ ጻፊ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ተናገርኩ፣ ጻፈች። ስሜ ውዱ ነው፤ ጋቢ እቋጫለሁ። እናቷ ልጇን ከማታውቀው ሰው ጋር ብቻዋን መተው ከበዳት፤ እኔም እሺ ብዬ ልጅቷ ሳታውቅ ተደበቅሁ። ካስነጠሰች ይማርሽ ማለት ያገራችን ነው፤ መልስ መንገር አይደለም። መልሱን ላቀብላት ብል እንኳ የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ቀዩ ውሃ ኩልል ይላል፣ ፕሮፌሰሩ ግን አይጠጡትም።

"ይኼንንም ልጻፈው?"

"ጻፊው።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ጁሱን ግን ራሴ ነኝ የጨረስኩት።

ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። ሸፊቃ ዘጠኙንም ቀን ዱዓ ስታደርግ እኔን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች፤ ሐሳቡ የእሷ እንዳልነበር ሁሉ። በአሥረኛው ቀን መልስ መጣ። በፈተናው ጊዜ የተቀዳውን ድምፅ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ሰጥተው አስተርጉመውታል። የተባለው ሁሉ እኔ እንዳልኩት ሆኖ ተገኝቷል። ያኛው ፈተና ተሰርዞ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ቅዳሜ በቃል ይፈትኗታል። አንድ ግዴታ አለ፤ አጃቢዋ ካስፈለገች ካሜራው ፊት፣ እጇ እየታየ ትቀመጥ።

"ይኸው!" አለች ሸፊቃ። "እኔ መጀመሪያውኑ ያልኩት ይኼንን አይደል?"

ቅዳሜ ከዚክራ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ነጩን ነጠላዬን ለበስኩ፤ ባሕር ማዶ ነው እንግዲህ። እጄ እየታየ መቋጨት ጀመርኩ። ፕሮፌሰሩ ይጠይቃሉ፣ ዚክራ ትመልሳለች። አንዱ ጥያቄ ላይ ተያዘች። ክሩ እጄ ላይ ተወሳሰበ። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች፣ እየፈጠነች ሄደች፣ እጇንም ታወናጭፍ ጀመር። ሽማግሌው ጢማቸውን እየነካኩ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ።

በዚህ መሐል አስነጠሳት።

"አልሐምዱሊላህ።"

ከንፈሬን ነከስኩ። ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። እጅሽ ይታይ የተባልኩትን አስታውሼ መልሼ ለቀቅሁት። ፕሮፌሰሩ ጢማቸውን መነካካት ተዉ። ዐይናቸውን ከዚክራ ላይ አንስተው ወደ እኔ አዩና አንድ ነገር አሉ። ዚክራ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ልሞት ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው።

"ምን አሉ?"

"'ሴትዮዋ ዛሬ ምነው ዝም አሉ?' ነው የሚሉት።"

"ተፈቅዷል?"

"ተፈቅዷል።"

"ይማርሽ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ፖርቱጋል እንዲሰማ።

"ያኑርልኝ" አለች፤ ፈተናዋንም ቀጠለች።

የዚያን ቀን የቋጨሁት ጋቢ ጉድ ነው። አንዱ ዘርፍ ጣት ያህላል፣ አንዱ ስንደዶ። ዐቂል አገላብጦ አየውና፣ "ይኼንንስ ሱቄ አላስገባም" አለ። ሸፊቃ ወሰደችው።

ማክሰኞ ስልኬ ጠራ። ከኮምቦልቻ ነው።

"እትዬ ውዱ! አለፍኩ! ሰማኒያ አንድ!"

"እሰይ የኔ ዓለም! ለእናትሽ ነገርሻት?"

"መጀመሪያ ለክፍል ጓደኛዬ ነው።"

ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ፣ "ከመቶ ነው?" አልኳት።

"ከመቶ።"

"ታዲያ አሥራ ዘጠኙ የት ገባ?"

"መጋረጃው ኋላ ይፈልጉት" ብላ ሳቀችብኝ። ያላደገች! ስልኩን ሳልዘጋው፣ እሷም እየሰማች፣ ሸፊቃን ልጠራ ወደ አጥሩ ሄድኩ።