የአምስት ዓመት ፊርማ

አመዩ የአይሱዙውን የኋላ ጎማ ከቸርኬው ለማላቀቅ ብረቱን በሁለት እግሩ ረግጦ ቆሞ ሳለ፣ ንዋይ ባጃጁን እያስጮኸ መጥቶ ከአፍንጫው ሥር አቆመ።

"ፈረመ!" አለ፣ ከመሪው ሳይነሳ። "ልጁ ፈረመ!"

"የትኛው ልጅ?"

"የትኛው ይላል እንዴ! ፍሮምሳ ነዋ፣ ተከላካያችን!"

አመዩ ቀና አላለም። ብረቱን አንድ ጊዜ ጫን አለና "መልካም መንገድ በለው" አለ። "ደህና ልጅ ነበር። አዲስ አበባ ስታገኘው ሰላም በልልኝ።"

"ምን መንገድ አለው! እዚሁ ነው የፈረመው፣ ለእኛ ለራሳችን። አምስት ዓመት!"

ብረቱ ከአመዩ እግር ሥር አምልጦ አስፋልቱ ላይ እየተንኳኳ ሄደ። ከባኮ በቆሎ ጭኖ የመጣው የአይሱዙው ሾፌር ጉርሙ ጎንበስ ብሎ አነሳለትና በእጁ እንደያዘ ቀረ። "ዱጋ ነው? እውነት?" ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ ግን ኋላ አመዩም ጉርሙም ማስታወስ አልቻሉም።

እግር ኳስ የማያውቅ ሰው በዚህ ምን ያስደንቃል ይል ይሆናል። የአምቦ ደጋፊ ግን ያውቀዋል። በዚህ አገር ተጫዋች ቢበዛ ለሁለት ዓመት ይፈርማል፤ ያችኑም ሳይጨርሳት ሻንጣውን ያነሳል። የእነ አመዩ ክለብ ደግሞ የትልቆቹ ሊግ ክለብ አይደለም። ልጅ ይቀበላል፣ ያበላል፣ ያሳድጋል፣ ልጁ ኳስ መምታት በቻለ ማግስት ከአዲስ አበባ መኪና ይመጣና ይዞት ይሄዳል። ደጋፊው ከዓመት ዓመት መሸኘት ብቻ ሆኗል ሥራው።

የመኪናውን ጎማ ሊያስነፋ የቆመው ሶፎንያስ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ከዲላ መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር ሰው ነው፤ አንድም ጨዋታ አያመልጠውም። "አምስት ዓመት?" አለ። "በዚህ ዘመን እኮ ባልና ሚስት እንኳ ለአምስት ዓመት አይተማመኑም። እኔ ራሴ እዚህ አምስት ዓመት ትኖራለህ ፈርም ብባል እጄ ይንቀጠቀጣል።"

ጉርሙ ግን የመንገድ ሰው ነውና በቀላሉ አያምንም። "ጉልበቱን አይታችሁለታል?" አለ። "ገበያ የማይወጣ በሬ ሁሌም አንድ ነገር አለበት።"

"ምንም የለበትም!" ንዋይ ከባጃጁ ወረደ። "ትናንት የአዲስ አበባዎቹ በሁለት መኪና መጥተው ሆቴል አርፈው ነበር። ልጁን ይኸው በዚህ ባጃጅ ነው ወደ እነሱ ያደረስኩት። እራት ጋበዙት፣ ወረቀቱን አወጡለት። ልጁ አመስግኖ ተነሳና በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ጠዋት ክለቡ ቢሮ ገብቶ ፈረመ።"

ጉርሙ እጁን በአፉ ጫነ። ኮምፕሬሰሩ ብቻ ለራሱ ይንደቀደቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንደሚቆሙ ሰዎች ቆመው ቀሩ። ጀግና አይተው ያውቃሉ፣ ግብ የሚያገባም አይተዋል። የሚቀር ሰው ግን አላዩም ነበር።

ንዋይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዛሬ ከጨዋታው በፊት ለደጋፊው ይታያል" አለ። "ከበሮውን እኔ እይዛለሁ። አንተ ስሙን ትጠራለህ።"

"አልጠራም" አለ አመዩ።

"አመዩ!"

"ምያለሁ፣ አንተም ሰምተሃል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።"

አመዩ የደጋፊው ዘፈን አውጪ ነበር። በሥራ ቀን መንገድ ዳር ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ ነው፤ በጨዋታ ቀን ግን ሜጋፎኑን ይዞ እሱ ያወጣል፣ ሜዳው ሙሉ ሰው ይቀበላል። በከተማው አንድ ያልተጻፈ ወግ አለ። ተጫዋች የፈለገውን ያህል ግብ ቢያገባ፣ አመዩ ስሙን በዘፈን እስኪጠራው ድረስ እንግዳ ነው። ከተጠራ በኋላ ግን የከተማው ልጅ ይሆናል፤ ፀጉር አስተካካዩ ሒሳብ አይቀበለውም፣ እናቶች መንገድ ላይ አስቁመው ይመርቁታል።

ታዲያ አመዩ የጠራቸው ሁሉ ሄዱ። ከሁሉም የባሰው ቦጂያ የሚባለው አጥቂ ነበር። ለቦጂያ ያወጣለት ዘፈን ወፍጮ ቤት ሳይቀር ተዘፍኗል። ልጁ በዓመቱ የሌላ ክለብ ማሊያ ለብሶ መጣና አገባባቸው። ማግባቱስ ሥራው ነው፤ እሱ ግን አመዩ ወዳለበት ሮጦ እጁን ጆሮው ላይ አደረገና "እስቲ አሁን ዝፈኑ" አላቸው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። አመዩ ሜጋፎኑን ወርውሮ፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማው፣ "ከእንግዲህ የተጫዋች ስም ከአፌ ቢወጣ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!" ብሎ ማለ።

አባቱ ኦቦ ቀንዓ ጉደር አካባቢ በቃላቸው የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። በእሳቸው አጥንት የተማለ መሐላ እንደ ጎማ ተፈትቶ የሚገጠም አይደለም። ከዚያ ወዲህ አመዩ የሚዘፍነው ስለ ማሊያው፣ ስለ ሁሉቃ ወንዝና ስለ ወንጪ ተራራ ብቻ ሆነ። ወንዝና ተራራ ደግሞ የትም አይሄዱም።

ጉርሙና ሶፎንያስ ሄደው፣ ንዋይም አኩርፎ ባጃጁን አስነስቶ ከሄደ በኋላ፣ አመዩ አንድ የውስጥ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚተነፍስበትን ቦታ ይፈልግ ጀመር። አረፋው ፊቱ ላይ ይንቦቀቦቃል፤ እሱ አያየውም። ምላሱ የራሱን ሥራ ይዞ ነበር። ዜማው መጥቶለታል፤ ስሙም ዜማው ላይ ልክ ቁጭ ይላል። ደስ አለው፣ ወዲያው ደግሞ በራሱ ተናደደ።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ አመዩ።"

ቀና ሲል ፍሮምሳ ቆሟል። ቁመቱ በሩን ሞልቶታል፤ ፊቱ ግን ገና የተማሪ ፊት ነው። የብርድ አገር ሰው መሆኑን የሚናገረውን ሹራቡን በዚያ ሙቀት እንደለበሰ ነበር።

"ፍሮምሳ! ና፣ ግባ" አለ አመዩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። የሚቀመጥበት ፈልጎ አሮጌ ጎማ አቀረበለት። ምን እንደሚለው ጨነቀው። "እንኳን ደስ ያለህ" አለው በመጨረሻ።

"እንኳን አብሮ ደስ አለን። እናቴ ከጎጆ ከተማ እየመጣች ነው፣ መናኸሪያ ልቀበላት ስሄድ ነው እግረ መንገዴን ብቅ ያልኩት።" ልጁ አንገቱን ሰበር አደረገ። "ንዋይ ስሙን ካልጠራህ ብሎ እንዳስቸገረዎት ሰማሁ።"

"እሱን ተወው። ንዋይ ሲያኮርፍም ሲስቅም አይታወቅም።"

"እንዳይጠሩኝ ልለምንዎት ነው የመጣሁት።"

አመዩ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። "ምነው? የጠራኋቸው ስለሚሄዱ ፈርተህ ነው?"

"ኧረ አይደለም!" ልጁ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ተወው። "ቦጂያ ያገባብን ቀን እኔ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበርኩ። ከጎጆ በመጣሁ በወሩ ነው፣ ገና ማንም አያውቀኝም። እርስዎ ከኋላችን ቆመው ሲምሉ ሰማሁ። ዞሬ አየሁዎት፣ እያለቀሱ ነበር።"

"ፀሐይ ነበር" አለ አመዩ።

"ይሁን፣ ፀሐይ ነበር። እኔ ግን በእግር ኳስ ሰው እንዲህ ያዝናል ብዬ አላውቅም ነበር። እኛ ስንሄድ መንገዱን እንጂ የሚቀረውን ሰው አናይም።" "ለዚያ ብቻ ነው የቀረሁት ብዬ አልዋሽዎትም። ትምህርቴን ልጨርስ ነው፣ እናቴ ቅርቤ ናት፣ ክለቡም እንደ አቅሙ አልበደለኝም። ግን ትናንት ሰዎቹ ብዕሩን ሲሰጡኝ የመጣብኝ የእርስዎ ድምፅ ነው። የእርስዎ ቃል እኔን ካስቀረኝ፣ እርስዎ ለእኔ ብለው ቢያፈርሱት ደግ አይሆንም። የእኔም ፊርማ ያን ጊዜ ምን ይከብዳል?"

አመዩ በሕይወቱ ብዙ ጮኋል፤ በሜጋፎን ጮኋል፣ ያለ ሜጋፎንም ጮኋል። ጩኸቱ አንድ የማያውቀው ልጅ ልብ ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይቀመጣል ብሎ ግን በሕልሙም አላሰበም። ለልጁ ያቀረበው ጎማ ላይ ራሱ ተቀመጠ።

"ሂድ፣ እናትህ እንዳትጠብቅ" አለው።

ልጁ ከሄደ በኋላም ያ ነገር አለቀቀው። ስሙን ካልጠራ ለመቅረት የፈረመው ልጅ በከተማው ወግ እንግዳ ሆኖ ይቀራል፤ የሄዱት ተጠርተው የቀረው ሳይጠራ። ከጠራው ደግሞ ቃሉን ለጠበቀ ሰው ቃል ማፍረስን ስጦታ አድርጎ መስጠቱ ነው። ያን ቀን ሁለት ጎማ አበላሸ።

ሜዳው ከወትሮው ቀድሞ ሞልቶ ነበር። ከጉደርም ከጎጆም ሰው መጥቷል፤ የአጥሩ ግንብ ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። አመዩ ሜጋፎኑን አንግቶ ወደ ቦታው ሲወጣ ሰዉ እየተጠጋጋ አሳለፈው። ንዋይ ከበሮውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አኩርፎም ቢሆን፣ ቦታውን ይዟል።

ከፊት ለፊት የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አንዲት ጋቢ የደረቡ ሴትዮ ተቀምጠው ዙሪያውን በፍርሃት ያያሉ። ሶፎንያስ ወደ አመዩ ጠጋ ብሎ "እናቱ ናቸው፣ አዴ ደብሪቱ" አለው። "ትናንት ማታ ልጃቸው ደውሎ አምስት ዓመት ሲላቸው ፍርድ ቤት የፈረደበት መስሏቸው ሲያለቅሱ አድረዋል። አሁንም በደንብ ያመኑ አይመስለኝም።"

በድምፅ ማጉያው አንድ የክለቡ ሰው ብዙ ተናገረ፤ ማንም አልሰማውም። ከዚያ ፍሮምሳ ብቻውን ወደ ሜዳው መሃል ወጣ። ሕዝቡ ይፈነዳል ተብሎ ሲጠበቅ ጸጥ አለ። አንድ ሺህ ፊት ይሁን ሁለት ሺህ፣ ሁሉም ወደ አመዩ ዞረ።

አመዩ ሜጋፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። ስሙ ምላሱ ላይ ነበር፤ አንድ ትንፋሽ ብቻ ቀርቶታል። ፍሮምሳ ከሜዳው መሃል ሆኖ እያየው ራሱን ቀስ አድርጎ ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

አመዩ ሜጋፎኑን አወረደ። ሰዉ ሲያጉረመርም ሰማ፤ ንዋይም "አይ አንተ ሰው!" ሲል ሰማ። ደረጃውን ወረደና አዴ ደብሪቱ ፊት በርከክ አለ።

"አዴ ደብሪቱ" አላቸው በኦሮምኛ፣ "ለዚህ ልጅ ስም ያወጣለት ማነው?"

"እኔው ነኝ" አሉ ሴትዮዋ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው እየሳቡ። "አባቱ ሲወለድ አልነበረም። ምነው፣ ጥፋት አለበት እንዴ?"

"የለበትም፣ እናቴ። ይህ ሕዝብ ስሙን መስማት ይፈልጋል፤ የሚጠራለት ግን የለም። እርስዎ ይጥሩት።"

ሜጋፎኑን ወደ አፋቸው ያዘላቸው። አዴ ደብሪቱ ነገርየውን አዩት፣ ሕዝቡን አዩ፣ ሜዳው መሃል ብቻውን የቆመውን ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ሜጋፎኑን በእጃቸው ገፋ አድርገው ቆሙና፣ በጎጆ ከአንዱ ጋራ ወደ ሌላው ልጅ እንደሚጠሩት በሙሉ ድምፃቸው በኦሮምኛ ተጣሩ።

"ያ ፍሮምሳ!"

"ፍሮምሳ!" አለ ሜዳው በአንድ ድምፅ። ንዋይ ከበሮውን መታ። ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሶፎንያስ መነጽሩን አውልቆ ለማያየው ሁሉ እያጨበጨበ ነበር።

አዴ ደብሪቱ ከጩኸቱ የተነሳ ደንግጠው የአመዩን ክንድ ያዙ።

"ደግሜ ልጥራው ወይስ በቃው?" አሉት።

"ይጥሩት እንጂ፣ እናቴ" አላቸው አመዩ። "ገና አምስት ዓመት አለን።"