አውራ ጣትና የመሃል ጣት

ዬርትሩድ የደወለችልኝ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰላምታ አታበዛም።

«ነገ የመጀመሪያው መርከብ እንዳያመልጥህ» አለችኝ። «ሳንድነስዮን ከተማ የአንድ ሕንፃ ሥራ ይዣለሁ። ምሳህን ቋጥረህ ና፤ እኔ አላበላህም።»

«እጄን ረሳሽው እንዴ?»

«አንተን ነው የጠራሁት እንጂ እጅህን አልጠራሁም» ብላ ዘጋችው።

እጄ የተጎዳው ባለፈው ዓመት፣ ኮድ ዓሣ ወደ ባሕር ዳርቻችን በሚጠጋበት በብርዱ ወራት ነው። ጎረቤቴን ላግዝ ጀልባው ላይ ወጥቼ፣ መረብ የሚያነሣው ማሽን ቀኝ እጄን ያዘው። ቦዶ ከተማ ያሉት ሐኪሞች ተጨንቀው ተጠበው ሰፉልኝ፤ ዕድሜ ይስጣቸውና አምስቱም ጣቶቼ በየቦታቸው አሉ። ሌባ ጣቴ ግን ደንዝዞ ቀረ። በመርፌ ቢወጉት አይሰማውም፤ በሌላው እጄ ካላጠፍኩት በቀር በራሱ አይታጠፍም።

ለሌላ ሰው አንድ ጣት ብዙም ላይሆን ይችላል። የእኔ ሥራ ግን የኢንተርኔት ፋይበር መበየድ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር በሁለት ጣት ጫፍ ይዞ፣ ሽፋኑን ልጦ፣ በአልኮል ጠርጎ፣ ጫፉን ቆርጦ፣ ከሌላ ክር ጋር አፍ ለአፍ ማጋጠም። ዓይን ለዚህ ሥራ ብዙም አይጠቅምም፤ የሚያየው ጣት ነው። እና ያ ጣቴ ታወረ። ከዓመት በላይ ቤት ተቀምጬ በግራ እጄ እንጨት ስፈልጥና ባለቤቴን በነገር ስጠዘጥዝ ከረምኩ።

ዬርትሩድን ይህን ሙያ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዛሬ የራሷ መኪናና የራሷ ማሽን አላት፤ ሥራ የምታመጣውም እሷ ናት። በማግስቱ መርከቡ ላይ ስንገናኝ ስለ እጄ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ስለ መኪናዋ ጎማ ስታማርር ከተማው ደረስን።

ሕንፃው አራት ፎቅ ነው፣ የባሕሩን ነፋስ በጎኑ የሚቀበል። ሥራችን ምድር ቤት ውስጥ፣ ነዋሪዎቹ ብስክሌት በሚያቆሙበት ክፍል ነበር። ዬርትሩድ ግራጫውን የማከፋፈያ ካቢኔት ቀድማ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ከመንገዱ የመጣው ወፍራም ገመድ በታች በኩል ይገባበታል፤ ከየቤቱ የሚወርደው ቀጭን ገመድ ደግሞ በላይ በኩል። ሁለቱን የሚያጋባቸው በያጁ ነው።

«ገመዱን ከየቤቱ ስቤ አወርድልሃለሁ። አንተ ትበይዳለህ» አለችኝ።

«እኔ ልሳብ፣ አንቺ በይጂ።»

«አይሆንም። ደረጃ መውጣት ወገብ ያቀጥናል ተብያለሁ» አለችና ገመዱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች።

ማጠፊያ ጠረጴዛውን ዘረጋሁ፣ የመበየጃ ማሽኑን አስቀመጥኩ፣ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ክር ስልጠው ተሰበረ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ልጬ ጨርሼ ስቆርጠው ደኅና ነበር፤ ወደ ማሽኑ ሳስገባው ያ የማይረባ ሌባ ጣቴ ገፍቶ ከማሽኑ ጠርዝ ጋር አጋጨው። የመስታወት ስባሪ ሥጋ ውስጥ ከገባ ጣጣ ስለሚያመጣ እየለቀምኩ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ማሰሮ ውስጥ እጨምራለሁ። እስከ ምሳ ድረስ አንድም ክር ሳላገናኝ የማሰሮው ሥር በስባሪ ተሸፈነ።

ዬርትሩድ ሌላ ገመድ ልታወርድ ስትመጣ ማሰሮውን አየችው።

«ስንት ሰበርክ?»

«መቁጠር ትቻለሁ።»

«ጥሩ። ክር ሞልቷል።»

«ዬርትሩድ፣ አይሆንልኝም። አትድከሚ።»

«ባንተ መች ደከምኩ? የሚያደክመኝ ደረጃው ነው» አለችና ተመልሳ ወጣች። ያን ጊዜ ተናደድኩባት። ትታኝ ስለሄደች፣ አላይ ስላለች። እየሸሸችኝ መሰለኝ።

እንደዚያ ተናድጄ ተቀምጬ ሳለ ነው ቦርግሂልድ የገባችው። የሕንፃው ነዋሪ፣ ሰባ ያለፋት፣ ቀጭን፣ ቀይ ሹራብ የለበሰች ሴት ናት። ሰላም ብላት ዝም አለች። ቀጥሎ ጆሮዋን በጣቷ ነካ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች፤ ስልኳን አውጥታ ጻፈችና ዓይኔ ሥር አስጠጋችው።

«ፋይበሩ መቼ ነው የሚገባው?»

በግራ እጄ እየተንቀረፈፍኩ ጻፍኩላት። «በዚህ ሳምንት፣ ከቀናን።»

«ከቀናን ብሎ ነገር የለም። ወንድሜ ሐውልት ሆኗል» ብላ መለሰች።

ግራ ሲገባኝ ስልኳ ላይ አንድ ምስል አሳየችኝ። ጢማም ሽማግሌ ሁለት እጁን አየር ላይ አንሥቶ፣ አፉን ከፍቶ ደርቋል። አይሊፍ ይባላል፤ ከትሮንድሄም ከተማ ወጣ ብሎ ከብት ያረባል። እሱም እንደ እሷ ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም። የሚያወሩት በምልክት፣ በቪዲዮ ነው። እሱ ዘንድ ፋይበር ከገባ ቆይቷል። እዚህ ግን የድሮው የመዳብ የስልክ መስመር ከተቋረጠ ወዲህ ሕንፃውን ከተራራው ጀርባ የሚደርሰው የሞባይል ሞገድ ደካማ ነው። ድምፅ ሲቆራረጥ ሰው ገምቶ ይሞላዋል፤ እጅ አየር ላይ ሲቆም ግን ወሬው እዚያው ያልቃል።

«ከፋሲካ ጀምሮ ያረገዘች ላሙ ትውለድ ትሙት አላወቅኩም» ብላ ጻፈች። «እጁን ያነሣል፣ ከዚያ ይቆማል። መልሼ እደውላለሁ፣ ያነሣል፣ ይቆማል።»

«ለምን አትጻጻፉም?»

«አይሊፍ ሲጽፍ ሁልጊዜ ‹ደኅና ነን› ብቻ ነው። አንተ ሚስትህን በደብዳቤ ብቻ ታዋራታለህ?»

ብስክሌቷን ይዛ ትሄዳለች ስል አንድ ባዶ የጠርሙስ ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠችና ሥራዬን ትመለከት ጀመር። እንዲህ ዓይነት አተያይ ገጥሞኝ አያውቅም። እኛ የሰው አፍ እንደምናየው እሷ እጅ ነው የምታየው። ሁለት ክር ፊቷ ሰበርኩ። ስልኳን እንደገና አስጠጋችልኝ።

«ያ ጣት ሥራውን አያውቅም። ምን ያደርጋል እዚያ?»

የደረሰብኝን በአጭሩ ጻፍኩላት። አነበበችና ጥቂት አሰበች። ከዚያ ብዙ ጻፈች።

«አይሊፍ በወጣትነቱ መጋዝ ሁለት ጣት ወስዶበታል። ጣት ለኛ ምላስ ነው። ለብዙ ጊዜ ሲያወራ ይኮላተፍ ነበር፤ ልጆች ሳይቀሩ ይስቁበት ነበር። የጎደሉትን ጣቶች ሲፈልግ ነው የሚኮላተፈው። አንድ ቀን መፈለጉን ተወ። በቀሩት ማውራት ሲጀምር ንግግሩ ጠራ። ያንተ ጣት ደግሞ ከመጉደልም ይብሳል። ተቀጥሮ የማይሠራ ነው። አሰናብተው።»

ከት ብዬ ሳቅኩ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሳቅኩት ያን ዕለት ነው። እሷ ግን አልሳቀችም። ተነሥታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ፕላስተር አነሣች፣ እጄን ያዘች፣ ሌባ ጣቴን ወደ መዳፌ አጥፋ ጠመጠመችው። ከዚያ አውራ ጣቷንና የመሃል ጣቷን ገጥማ አሳየችኝ። በእነዚህ፣ ማለቷ ነው።

በአውራ ጣቴና በመሃል ጣቴ ክሩን ያዝኩት። መጀመሪያ እንደ ባዳ ነገር ሆነብኝ። ተሰበረ። ሌላ አነሣሁ። የመሃል ጣቴ ጫፍ ላይ ክሩ ተሰማኝ፤ ቀጭን፣ ቀዝቃዛ፣ የተወጠረ። እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። በጨለማ ቤት ውስጥ አንድ ሰው መስኮት የከፈተ ያህል ነው። ልጬ ጠረግኩት፣ ቆረጥኩት፣ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት ተያዩ፣ ተጠጉ፣ ብልጭ አለና አንድ ሆኑ። የብርሃን ብክነቱ ከቁጥር የማይገባ ነበር።

ዬርትሩድ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። መጥታ ስክሪኑን አየች፣ ክሩን አየች፣ እኔን አየች።

«ቆንጆ ነው» አለች። «መከላከያ ቱቦው የታለ?»

የተበየደውን ቦታ የሚሸፍነው ትንሽ ቱቦ ክሩ ላይ የሚጠለቀው ከመበየዱ በፊት ነው። ከተገናኘ በኋላ መግቢያ የለውም። ሳስተምራት በዚህ ነገር ስንት ጊዜ እንደ ጮህኩባት እሷም እኔም እናውቃለን።

«ቁረጠውና እንደገና» አለች፤ ኮስተር ብላ ሳትጨርስ ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅኩ። ቦርግሂልድ ምን እንደሆነ ባታውቅም እኛን አይታ ሳቀች። ያን ያህል የጓጓሁለትን ብየዳ ቆርጬ ማሰሮው ውስጥ ጣልኩትና ቱቦ አጥልቄ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሠራ። ቀጣዩም ሠራ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቦርግሂልድ ቁርሷን በልታ ትወርዳለች፣ ሳጥኗ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ እበይዳለሁ። እንደ ዱሮው አልፈጥንም። አንዳንዴም ይሰበርብኛል። ግን በካቢኔቱ ትሪ ውስጥ ክሮቹ በየቀለማቸው ተጠቅልለው ሲተኙ ሳይ፣ ማታ ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ የምነግራት ነገር ነበረኝ።

ሐሙስ ዕለት መስመሮቹን ከታች ብርሃን እየላክን ፈተንናቸው። ዬርትሩድ መለኪያውን ይዛ ከቤት ቤት ትሄዳለች፣ በስልክ ትነግረኛለች። «አለ። አለ። አለ።» ከዚያ ቦርግሂልድ ቤት ደረሰች።

«የለም» አለች።

የሷ መስመር መጀመሪያ የሠራሁት፣ ሁለት ጊዜ የተበየደው ነው። ዬርትሩድ ወርዳ ትሪውን ስትከፍት ነገሩ ታየን፤ ክዳኑን ስዘጋ ክሩ በክዳኑ መያዣ ጥርስ መሃል ገብቶ ኖሮ ተቆርጧል። ብየዳው ደኅና ነው። ስህተቱ ግን የእኔው ነው። እሷ ብትሠራው የአፍታ ሥራ ነበር። መቁረጫውን ከመሣሪያ ሳጥኑ አወጣች፤ እኔ ቦታ ልለቅላት ተነሣሁ። መቁረጫውን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«የመጀመሪያው ፎቅ ላይ አንድ ሶኬት ጠሞብኛል» አለችና ሄደች። ሶኬቱ እንዳልጠመመ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከሰኞ ጀምሮ ከአጠገቤ የራቀችው እየሸሸችኝ አልነበረም። ያስተማራትን ሰው አጠገቡ ቆማ ብታየው እጁ ይበልጥ እንደሚሳሳት ታውቃለች። ተመልሼ ተቀመጥኩና፣ ቱቦውን አስቀድሜ አጥልቄ፣ ክሩን እንደ አዲስ በየድኩት።

ብርሃኑ ቦርግሂልድ ቤት ሲደርስ ሦስታችንም ሳሎኗ ውስጥ ነበርን። ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ ወንድሟ ጋ ደወለች። አይሊፍ ብቅ አለ፤ ከነጢሙ፣ ከነኮፍያው። እጁን አነሣ። እጁ አልቆመም። ወረደ፣ ዞረ፣ ደረቱን ነካ፣ ወደ ጎን ተወረወረ፤ የእሷም እጆች ተነሡና ሁለቱ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ተያያዙት። አንዱንም አልተረዳሁም። የገባኝ ነገር አይሊፍ ሦስት ጣት ባለው እጁ ሲያወራ የሚጎድለው ነገር እንደሌለ ብቻ ነው።

ቦርግሂልድ በመሃል ዞር አለችና ስልኳ ላይ ጻፈችልን። «ላሟ መንታ ወልዳለች። ይህ ሞኝ ወሬው ሳይደርሰኝ አንዱን ጥጃ በኔ ስም ጠርቶታል።»

ከዚያ እኔን ወደ ስክሪኑ ሳበችኝ። አይሊፍ እጁን አንሥቶ አሳየኝ። እኔም በፕላስተር የታሰረውን እጄን አነሣሁ። ምስጋና በምልክት እንዴት እንደሚባል ጠየቅኋት፤ አሳየችኝ። ደግሜ ሳደርገው ወንድምና እህት ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

«ተኮላተፍክ» ብላ ጻፈች። «ግን ገብቶናል።»

ዋፍል የሚሉትን ቂጣ መሰል ኬክ ጋግራ ቡናማ አይብ እየቆረጠችበት እስክንጠግብ አበላችን። ዬርትሩድ ለመንገድም አስጠቀለለች።

ወደ ቤት ስንመለስ መርከቡ ላይ፣ ዝናቡን ሸሽተን መኪናው ውስጥ ተቀምጠን፣ ስንቱን ቀን ያቆየሁትን ነገር አወጣሁት።

«ዬርትሩድ፣ እግዜር ይስጥሽ።»

«ለምኑ?»

«እንደምችል በምን አወቅሽ?»

የመስታወት መጥረጊያውን አጠፋችው።

«አላወቅኩም» አለች። «ባይሆንልህ ቅዳሜ ብቻዬን መጥቼ እጨርሰው ነበር። ለሕንፃው ባለቤትም ነግሬዋለሁ። ግን አንተ ሳትሞክር መቅረትህን ሳስበው እንቅልፍ ነሣኝ።»

ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጣ ኮፍያዋን ዓይኗ ላይ ደፋችና፣ ዶና ደሴት ላይ የሽማግሌዎች መኖሪያ እንዳለና ሰኞ እዚያ እንደምንጀምር ነገረችኝ። ምድር ቤቱ ውሃ ያዘለ ስለሆነ ረጅም ቦት ጫማ እንድይዝም አስጠነቀቀችኝ። ቀጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። መርከቡ ዳር እስኪጠጋ ድረስ እንዳልቀሰቅሳት ብዬ የመኪናውን ሬዲዮ ዘግቼ፣ በዝናቡ ውስጥ እየቀረበ የሚመጣውን የሰፈራችንን መብራት እያየሁ ተቀመጥኩ።