ያላለቀው ሶላት

ለተሰንበት የአኑዋርን ግራ እግር ጣት በመርፌ ወጋ አደረገችው። እግሩም ፊቱም አልተነቃነቀም።

"ደንዝዟል" አለች። እዚሁ ሱዳን፣ ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ የምትሠራ ነርስ ናት፤ እህቱ ራሒማ ናት ለምና ያመጣቻት። "ባቱን ንኪው እስኪ፤ አብጧል፣ ይፋጃል። ደም ረግቶበት ይሆናል። ወደ ሳንባው ከሄደ ወንድምሽን ታጪዋለሽ። ዛሬውኑ ሙስተሽፋ፣ ሆስፒታል ይግባ!"

ራሒማ ባቱን ነካች። ማልቀስ ነበረባት፤ እንባው ግን ከየት ይምጣ? ሰሞኑን ሱቋ ውስጥ ስኳርና ሳሙና እየሸጠች ነው የዋለችው፤ ምንም አይሰማትም።

አኑዋር ከትናንት ወዲያ ንጋት ላይ ሱብሂ ሲሰግድ፣ ሶላቱ ሊያልቅ ሲል ለመጨረሻው ተሸሁድ እንደተቀመጠ ቀረ። ግራ እግሩን ከሥሩ አጥፎ፣ የቀኝ ጠቋሚ ጣቱን እንደዘረጋ። ያው የድሮ በሽታው ነው። ከሰላ ከተማ ያለው ሐኪም ስኪዞፍሬኒያ ብሎ መድኃኒት ሰጥቶት ነበር፤ በጦርነቱ መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒቱ ተቋረጠ። እዚህ ገዳሪፍ ያለው ጎረቤት ይኸን መች ይሰማል! "ወልይ፣ የአላህ ወዳጅ ወጣላችሁ" እያለ የአኑዋርን ትከሻ ዳስሶ ለበረከት የራሱን ፊት ያብሳል። ጉድ እኮ ነው! አምና "እብዱ" ሲሉት የነበሩት የሰሊጥ ነጋዴዎች ናቸው ዛሬ የሚዳስሱት።

ሆስፒታል የሚያደርሳቸው ራክሻ፣ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ፣ በር ላይ ቆሟል። እናታቸው ሰውዳ ግን መስገጃው ዳር ተቀምጠው መንገድ ዘግተዋል።

"ወደ ቀኝ ወደ ግራ ዞሮ አሰላምቶ ሶላቱን ሳይዘጋ ማንም አይነካውም!"

"እማ፣ ቁርጭምጭሚቱ ቆስሎ መስገጃው ላይ ተጣብቋል።"

"ከአላህ ጋር ያለ ሰው ቁስል አያመውም።"

"ሽንቱም አምልጦታል። ውዱእ የለውም እኮ፣ ሶላቱ ፈርሷል!"

"የወልይ ነገር በእኛ አይለካም።" የሰውዳ ድምፅ ተሰበረ። "ስንት ዓመት እብድ ሲሉብኝ ኖርኩ። አሁን እጁን ሊስሙ ይመጣሉ። ተይኝ፣ ልጄ።"

ለተሰንበት ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ እየነካካች፣ "ኣደይ ሰውዳ፣ ውኃ እንኳ አልዋጠም" አለች። ሰውዳ ፊታቸውን አዞሩ።

ራሒማ እናቷን ልትቆጣ አልቻለችም። እሷም እኮ ትናንት፣ ሰው ሁሉ ሲያከብረው አይታ፣ ለአፍታ ደስ ብሏት ነበር። ጫማዋን አወለቀችና ከወንድሟ ጎን ተንበረከከች። ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቀኝ አዞረችው። እንዳዞረችው ቀረ።

"አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ" አለችለት።

ወደ ግራ አዞረችውና ደገመችለት።

"አሰላመተ፣ እማ። ወንጀል ከሆነ በእኔ ይጻፍ።"

ሰውዳ ልጃቸውን ብዙ አዩት። ዓይኑ ግራ ትከሻው ላይ ቀርቷል።

"እግሩን በግድ አትዘርጉት" አለች ለተሰንበት። "እንደታጠፈ ነው የምናነሳው።"

ሰውዳ ከመስገጃው ዳር ተነሡ። "አላህ ይቀበልህ" አሉት፣ ሕፃን ሳለ ሰግዶ ሲጨርስ ይሉት እንደነበረው፤ ከዚያም ሊያነሱት እጃቸውን ብብቱ ሥር አስገቡ።