ምጽዋ፣ ሰኔ ስልሳ ሁለት

ይህች ልጅ ከቤቷ ምን ጎድሎባት ይሆን? ወይዘሮ አሰፋሽ መስኮቱ ላይ እንደ ቆሙ ራሳቸውን ይጠይቃሉ። የልጅ ልጃቸው ማዕዶት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የአሜሪካዋን ከተማ የሜፕልዉድን በረዶ እየረገጠች ማዶ ወዳለው ወደ ሚስተር ካርልሰን ቤት ትሻገራለች። ሰውየው በወጣትነቱ ወታደር በሚያጓጉዝ የጦር መርከብ ላይ ያገለገለ ሽማግሌ ነው። ማዕዶት ለትምህርት ቤቷ የታሪክ ውድድር የመርከቧን ታሪክ እየጻፈች ነው፤ የት እንደተሠራች፣ ስንት ጊዜ ቬትናም እንደተመላለሰች፣ መቼ እንደተሸጠች። እራት ላይ እንኳ ወሬዋ መርከቧ ናት።

"ሞተሯ ሁለቴ ተቃጥሏል፣ ግራንድማ።"

"ይቃጠላ። የኔ ጉልበት ሲቃጠል ማን ጻፈለት?"

ሟቹ ባላቸው ኪዳኔም እኮ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ስለሳቸው የጠየቀ የለም። አንድ ቅዳሜ ልጅቱ ጫማዋን ስታስር፣ አሰፋሽ የኪዳኔን ደብተር ከሻንጣ አወጡ። ማዕዶት አማርኛ ስለማታነብ አጠገቧ ተቀምጠው አነበቡላት።

"ሰኔ ስልሳ ሁለት። የአሜሪካ መርከብ ገባ፤ ውሃ ቀዳንለት።"

"ጁን ሲክስቲ ቱ? የሚስተር ካርልሰን መርከብ እኮ ያኔ ምጽዋ ነበረች! ግራንድፓ ነው ውሃ የሰጣቸው!"

አሰፋሽ አልጠፋቸውም። የኪዳኔ ስልሳ ሁለት የእኛው ስልሳ ሁለት ነው፤ በፈረንጅ ሰባ ይሆናል። ያን ጊዜ ካርልሰን መርከቡን ትቶ አገሩ ከገባ ቆይቷል። ግን ልጅቱ ትከሻቸው ላይ ተደግፋለች፤ በረዶው ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ተቀምጣላቸው አታውቅም። ዓመቱን ሳያርሙላት ገጹን ገለጡ።

በውድድሩ ቀን ካርልሰንም ተጋብዞ፣ በሰው ሁሉ ፊት "ያንን ረጅም ኢትዮጵያዊ አስታውሰዋለሁ" ብሎ እንባውን ጠረገ። ኪዳኔ አጭር ነበሩ።

ማታ ሩት፣ የማዕዶት እናት፣ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ልጇ የጻፈችውን ከደብተሩ ጋር አስተያየች።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ በእኛ አቆጣጠር ነው። ስምንት ዓመት ይለያያል።"

"ልጅቱ በምን ታውቃለች ብለሽ ነው።"

"አንቺስ?"

"እኔማ... በየቅዳሜው በዚህ ብርድ ስትወጣ ሳንባዋን ይመታታል ብዬ።"

ማዕዶት ከሶፋው ተነሳች። "ታውቂ ነበር? ሰውየው አለቀሰ እኮ።"

"እሱን መርከቡ ይበቃዋል" አሉ አሰፋሽ፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት።

ልጅቱ ጃኬቷን ለበሰች። የጻፈችውን ከእናቷ እጅ ተቀብላ፣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ ማዶ ወደ ሚስተር ካርልሰን ቤት ተሻገረች።