የመርማሪው ምሳ

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ሆና ከተገኘች፣ ምላሴ መስኮቴ ላይ እንደሰቀልኳቸው ዳክዬዎች ተንጠልጥላ ትቅር። እኔ ጆንግ ሆይላም፣ በሳክራሜንቶ ብቻ ሳይሆን ከካንቶን ወዲህ ባለው ምድር ሁሉ አቻ ያልተገኘልኝ ምግብ አብሳይ፣ ዋሽቼ አላውቅም። ጊዜውስ የት አለኝ?

የባቡር ሐዲዱን አያቶቻችን ዘርግተው ሲጨርሱላቸው አሜሪካኖች በእኛ በቻይናውያን ላይ የአገራቸውን በር ዘጉብን። የነጋዴ ልጅ ከሆንክ ትገባለህ፤ መሆንህ እስኪረጋገጥ ግን ወደቡ ፊት ለፊት ባለችው ደሴት ላይ ቆልፈው ይመረምሩሃል። ታናሽ ወንድሜ ሆይሽን በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከሀገር ቤት ሲመጣ፣ ነጋዴው አባታችን ታሞ ስለነበር ምስክሩ እኔ ነበርኩ። መርማሪው ሃድልስተን ይባላል። ለየብቻ አስቀመጠን። ቤታችሁ ስንት መስኮት አለው? የጎረቤት ውሻ ቀለሙ ምንድን ነው? የሩዙ ጋን የት ነው የሚቀመጠው?

እኔ “ከምድጃው በስተግራ” አልኩ። ወንድሜ “ከበሩ ጀርባ” አለ። ለካ እኔ ከሀገር ከወጣሁ በኋላ ጎርፍ ገብቶ እናታችን አዛውራዋለች። ሁለታችንም እውነት ነበር የተናገርነው! ሃድልስተን እርሳሱን እየቀረጸ “ወንድማማች አይደላችሁም” አለ፤ ሆይሽንን በሚቀጥለው መርከብ መለሱት። ይኸው አሥራ ሦስት ዓመት፣ ዓይኑን አላየሁትም። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የዳክዬ አንገት በቆረጥኩ ቁጥር የማን አንገት ይታየኝ እንደነበር አልነግራችሁም።

ታዲያ ባለፈው የጸደይ ወር፣ እሑድ ቀትር ላይ፣ ሃድልስተን ሚስቱን አስከትሎ ምግብ ቤቴ ገባ። ሦስት መቶ ሰው ነበር። ወንበሩ አሥራ አንድ ነው፤ ሌላው ቆሞ ነው የሚበላ። የዳክዬዬ ሽታ ትራም ያስቆማል።

አላወቀኝም። “ስማ ጆን!” አለኝ፤ ሁላችንንም ጆን ነው የሚሉን። “ሁለት ዳክዬ በኑድል፣ ቶሎ በል!”

ክንድ የሚያህል ቢላዬን ይዤ ወጣሁ። “መጀመሪያ ምርመራ አለ” አልኩት።

“የምን ምርመራ?”

“ዳክዬዬ ለመጣ ሁሉ አይቀርብም። እመቤት፣ እርስዎ እዚያ ጥግ ይቀመጡ። አንተ እዚሁ። መነጋገር ክልክል ነው።”

ዝንብ እንኳ መብረር አቆመች።

“ደጅህ ላይ ስንት ደረጃ አለ?”

“እ... ስድስት?”

“እየመለስክ ነው ወይስ እየጠየቅከኝ?” ስለው ሦስት መቶው ሰው በሳቅ ፈነዳ። “የሦስተኛው ጎረቤትህ አማት ስሟ ማነው?”

“እኔ በምን አውቄ!”

“አላውቅም ብሏል፣ ይጻፍልኝ!” አልኩት አስተናጋጄን፣ አጎቴ ሎውን። “የዱቄቱ ቆርቆሮስ የት ነው የሚቀመጠው?”

ላቡ ጠብ ጠብ እያለ “መደርደሪያው ላይ” አለ። ወደ ሚስቱ ሄድኩ። “ከመስኮቱ ሥር ነው” አለች። “ባለፈው ሳምንት አዛወርኩት። ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ማድቤት ገብቶ ያውቃል?”

አሥራ ሦስት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ይህቺ ነበረች። ቀስ ብዬ፣ እያጣጣምኩ፣ “ባልና ሚስት አይደላችሁም” አልኩ።

ተንበረከከ! “ጌታዬ” አለኝ፤ ያ ጆን ሲለኝ የነበረው አፍ ጌታዬ አለኝ። የዳክዬውን ሾርባ አፍንጫው ሥር አስቀምጬ፣ እንፋሎቱ እስኪጠፋ አቆየሁና እያየ ቦይ ውስጥ ደፋሁት። “ያ ልጅም እንዲህ ርቦት ነበር” አልኩት። “ሆይሽን ይባላል። ስሙን ድገመው!” ሦስቴ አስደገምኩት። ከዚያ “ወደመጣህበት!” ብዬ በሩን አሳየሁት። የኋሊት እየሄደ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ምግብ እንቢ ብሎት ቀበቶውን ሰባት ቦታ አስበስቷል ይላሉ።

እኔ እንደ ሌላው ወሬኛ ያለምስክር አላወራም። አጎቴ ሎው ይኸው አጠገቤ አተር እየፈለፈለ ነው።

“አጎቴ፣ እስቲ አንተ ንገራቸው!”

አጎቴ ሎው ቀና አላለም።

“መጥቶ ነበር” አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ብቻውን። በጣም አርጅቷል። ያቀረብኩለት እኔ ነኝ፤ ሁለት ሳህን በላ። ማን እንደሠራው ጠየቀኝ፣ ሊያመሰግን። አንተ ሥጋ ማስቀመጫው ክፍል ገብተህ፣ በረዶው መሀል፣ በሩን ከውስጥ ይዘህ ቆመህ ነበር። ሄዷል እያልኩ ባንኳኳም አልከፈትክልኝም።”