ያልታጠበ እጅ

«ማዘር፣ ክዳኑን ብቻ እንዳይከፍቱት» አለች ከኢምራን ጋር ላብራቶሪ የምትሠራው ማራናታ፣ ከበረዶ ቦርሳዋ ያወጣችውን ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሳህን ሙፈሪሓት ጭን ላይ እያስቀመጠች።

ላንድማርክ በሚባለው የባሕር ማዶ ሰፈር ያለው አፓርታማቸው በለቀስተኛ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሻይ የሚያዞሩት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ። ልጇን ኢምራንን ከትናንት ወዲያ ያስቀበረችው ሙፈሪሓት ሳህኑን ወደ ብርሃን ዘንበል አደረገችው። እንደ ጄሎ በረጋ ነገር ላይ የሰው መዳፍ ከነጣቶቹ በነጭና በቢጫ ነጠብጣብ በቅሏል። ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ጎበጥ ብላለች። ልጅ ሆኖ ከብስክሌት ወድቆ የሰበራት ጣት ናት፤ እናት ልትስታት አትችልም።

«የኢምራን ናት?»

«አዎ። ባረፈበት ሳምንት ላብራቶሪ የመጡ የሃይስኩል ልጆች ነበሩ። ሊያሳያቸው ብሎ እጁን ሳህኑ ላይ ፕሬስ አደረገው። እጁ ላይ የነበሩት ባክቴሪያዎች ናቸው ያደጉት።»

ኢምራን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራውን ነገር ሙፈሪሓት ለሰው አስረድታ አታውቅም። «ጀርም ያጠናል» ስትል ሰዉ ሐኪም ይመስለዋል፤ እሷም ደስ እያላት ዝም ትላለች። እሱ ግን ቦቲውን አጥልቆ ከከተማው ጅረት ጭቃ ሲዝቅ ነበር የሚውለው። ጭቃው ውስጥ ያሉት ፍጥረቶች የፈሰሰ የመኪና ዘይት እንዴት እንደሚበሉ ይመረምራል። ማታ ሲመጣ በር ላይ ታቆመዋለች።

«ሳትታጠብ እንዳትነካኝ።»

እሱ እየሳቀ ጉንጯን በአውራ ጣቱ ይነካታል። «ኋላ እታጠባለሁ፣ እማ። እነሱ ባይኖሩ እኛም የለንም።» መታጠቡንም ይረሳዋል።

«ፕሮፌሰሩ ዛሬ የሱን ጠረጴዛ ክሊር አድርጉ ብሎናል» አለች ማራናታ። «ያደገ ነገር ሁሉ በሙቅ እንፋሎት ይገደላል፣ ሕጉ ነው። ይሄን ማውጣትም አይፈቀድም ነበር። ግን ሳያዩት...» ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እሱ ሞቶ እነዚህ እንዴት ኖሩ?»

ልጅቷ የረጋውን ነገር በጣቷ አመለከተች። «ምግብ ስላላቸው ነው፣ ማዘር።»

ሙፈሪሓት ግራ ገባት። የኢምራን ልብ በድንገት ቀጥ ሲል አጠገቡ አልነበረችም፤ ገላውን ያጠቡትም ወንዶች ናቸው። እጁን ሳትይዝ ነው የሄደባት። አሁን እጁ ጭኗ ላይ ነው፣ ደግሞም እጁ አይደለም። ከገላው የሚቆጠር ከሆነ አፈር ይገባዋል። ካልሆነስ ለምን ከጭኗ ማንሳት አቃታት? ባሏን አስጠራችው።

ሙሐመድሁሴን ከወንዶቹ መሀል ተነስቶ መጣ። አጎንብሶ ያቺን ጎባጣ ጣት ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ልጃችን መቃብሩ ውስጥ ነው ያለው» አለ። «ይሄ ጀርም ነው። ልጅቷን ችግር ውስጥ አንክተታት፣ ትውሰደው።»

«ጀርም ከሆነ ለምን ያስለቅሰኛል?»

«እኔም አላውቅም።»

ሙፈሪሓት ቀኝ መዳፏን በክዳኑ ላይ አሳረፈች፣ ጣትን በጣት ላይ። የእሱ ከእሷ ይረዝማል። ፕላስቲኩ ቀዝቃዛ ነበር፤ እስኪሞቅ ድረስ አላነሳችውም። ከዚያ ሳህኑን ለማራናታ መለሰችላት።

«ውሰጂው ልጄ። እንደ ሕጋችሁ አድርጉ።»

ማራናታ ሳህኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሳኒታይዘር አወጣች። «ማዘር፣ እጅዎን...»

ሙፈሪሓት እጇን ጨብጣ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

«ኋላ እታጠባለሁ» አለች።