ጎላው ተደፋ

ዙልፊቃር ኡስታ ኢስታንቡል በሚገኘው የሱልጣኑ ምርጥ ወታደሮች፣ የጃኒሳሪዎች፣ ጦር ሰፈር የአንዱ ክፍለ ጦር ወጥ ቤት አለቃ ነበር። ይህን ሹመት የሚንቅ ሰው አገሩን አያውቅም። ከዳንዩብ እስከ ባግዳድ ምድር ያንቀጠቀጠው ያ ጦር የሚተዳደረው በሾርባ ነው። ወታደሩ ቆቡ ላይ የሚሰካው ጌጥ ማንኪያ ነው፤ አዛዡ የሚጠራው «ሾርባጂ» ተብሎ ነው፤ ከባንዲራው ይልቅ የሚሳሱለትም ሁሉም አብረው የሚበሉበት የመዳብ ጎላ ነው። ሱልጣኑ ያስከፋቸው ዕለት ጎላውን አደባባይ አውጥተው ይደፉታል፤ ከእንግዲህ ሾርባህን አንቀምስም ማለታቸው ነው። ጎላ በተደፋ ቁጥር የሱልጣኑ አማካሪ የሆነ የአንድ ቪዚር አንገት ይቀላል፤ ሲብስም ዙፋኑ ባለቤት ይለውጣል።

የዙልፊቃር ጎላ ግን ታሟል። የውስጡ የቆርቆሮ ቅብ ተላልጦ መዳቡ አረንጓዴ ማውጣት ጀምሯል፤ ያ አረንጓዴ ሾርባ ውስጥ ሲገባ ሆድ ይቆርጣል። ይህንኑ ለአዛዡ ለሙስሊሂዲን አጋ ነገረ። አዛዡ ለበላዩ አስተላለፈ፤ የበላዩ ከዘመቻ በኋላ አለ። ዘመቻው አለቀና ሌላ ዘመቻ ተጀመረ። ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሚስቱ ሸህሱዋር የእሷም ድስት ቅቡ እንደለቀቀ ታስታውሰዋለች። እሱም በተራው መጀመሪያ የመንግሥቱ ጎላ ይቀባ ይላታል። መንግሥትን መውቀስ ለሁሉም ይቀላል።

አንድ የጸደይ ጠዋት ዙልፊቃር የጎላውን ጉዳት በፀሐይ ብርሃን ማየት አማረው። ወጥ ቤቱ እንደሆነ ጭስ ያጠቆረው ዋሻ ነው። ረዳቶቹን አሸክሞ አደባባዩ መሃል አስቀመጠውና አሸዋ እንዲያመጡ ላካቸው። ውስጡ የቀረ እጣቢ ነበርና ገልብጦ ደፋው፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ቂጡ ተበስቶ እንደሆነ መመርመር ያዘ። ጎላ ሲደፋ ምን እንደሚከተል እንደ እሱ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያች ደቂቃ ግን ጎላው ለእሱ መታጠብ ያለበት ዕቃ ብቻ ነበር።

ቀና ሲል ሰፈሩ በሙሉ ከቦታል። ጉድ ፈላ።

ለምን እንደታመፀ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። የሚጠይቅም አልተገኘም፤ መጠየቅ ምክሩ ሲመከር አልተጠራሁም ብሎ ራስን ማዋረድ ነዋ። ሁሉም ጢሙን እየጠመዘዘ ጊዜውም ነበር ይባባላል። ነጋዴው ሱቁን ዘጋ። ሙስሊሂዲን አጋ ቀበቶውን እያሰረ ሮጦ ደረሰና፣ ክፍለ ጦሩ ሳያማክረው ማመፁ ቢከነክነውም፣ እሱም ጢሙን ጠመዘዘ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት አለቃው ጆሮ ጠጋ አለ።

«ኡስታ፣ እኔም ከናንተው ጋር ነኝ። ግን እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ የማንን አንገት ነው የምንጠይቀው?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በዙልፊቃር ደረሰ። በስህተት ነው ቢል፣ ይህን ሁሉ ኩሩ ሰው መሳቂያ አድርጓልና እዚያው ይከትፉታል። ዝም ቢልም ከተማዋ ሳይመሽ ትነዳለች፤ በማግስቱ የአመፁ ጠንሳሽ ተብሎ አንገቱ ይሄዳል። በጣም ፈራ።

ይህን ሲያሰላስል የቤተ መንግሥቱ መልእክተኛ በበቅሎ ደረሰ። ጥምጥሙ ወደ አንድ ጎን የዘመመ ወፍራም ሹም ነው፤ ኤፈንዲ ይሉታል።

«ታላቁ ቪዚር ኑዛዜያቸውን እያጻፉ ነው» አለ እያለከለከ። «የማንን አንገት እንደምትፈልጉ ንገሩን። ብቻ ቁጥሩን ቀነስ አድርጉልን።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ዙልፊቃር ዞረ። ምክንያቱን ለመስማት ከኤፈንዲው ይልቅ የጓጓው ወታደሩ ነበር። ዙልፊቃርም የሚዋሸው ነገር ቢያጣ እውነቱን ተናገረ።

«ቆርቆሮ ነው የምንፈልገው፣ ኤፈንዲ። ጎላችን ይቀባልን። ሆዳችንን ቆርጦ ሊጨርሰን ነው።»

ጀግና ሆዴን አመመኝ አይልም፤ እያንዳንዱ ቁርጠቱን የራሱ ብቻ ገመና መስሎት ደብቆ ኖሯል። ከፊት የቆመ አንድ ጠባሳም አሮጌ ወታደር ሆዱን ያዝ አደረገና እውነቱን ነው አለ። ከዚያማ አደባባዩ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ እያለ ተናወጠ። ሙስሊሂዲን አጋ ከሁሉም አስበልጦ ጮኸ።

«ቆርቆሮ ብቻ?» አለ ኤፈንዲው፤ እንባው ቀረረ።

«ከሰል ቢጨመርበትም አንጠላም» አለ ዙልፊቃር፣ ነፍሱ ስትመለስለት።

ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው በጋሪ፣ ቀቢዎቹም በእግር መጡ። ቪዚሩ ኑዛዜውን ቀደደ ተባለ።

ዙልፊቃር ደረቱን ነፍቶ፣ ወሬውን ለሚስቱ እንዴት እንደሚያሳምርላት እያሰበ ወደ ቤቱ ሄደ። ደጃፉ ላይ የሸህሱዋር ድስት ተደፍቷል። እሷም እጆቿን አጣጥፋ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሊስቅ አለና የእሷን ፊት ሲያይ ተወው።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ሱልጣኑ ጎላው በተደፋበት ቀን ምን ፈለግህ ብሎ ጠየቀህ። አንተስ ይቺን ለመጠየቅ ስንት ረመዳን ፈጀብህ?» አለችው። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «ሬሳህን ስጠብቅ ነው የዋልኩት፣ አንተ ሰውዬ። አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ፣ ድስቴን ሳያስቀባልኝ ሞተ ብዬ እንደገና አለቀስኩ።»

ዙልፊቃር ድስቱን ብብቱ ሥር ወሸቀና ቀቢዎቹ ሳይበተኑ ለመድረስ ወደ ጦር ሰፈሩ ሮጠ።